ስድስት ወር የተለካ ወንዝ

አጥኚው ከወንዙ ያጠለለውን በብርጭቆ ሳህን ይዞ ወደ ልብስ አጣቢዎቹ ወረደ። ሳህኑ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ቀያይ ክሮች ተጣብቀዋል።

«የፕላስቲክ ክር ነው! ስድስት ወር ለካሁ፣ በኮምፒውተር አሰላሁ፤ የሚመጣው እናንተ ከምታጥቡት ልብስ ነው። ከነገ ጀምሮ እዚህ ማጠብ ተከልክሏል!» አለና የክልከላውን ደብዳቤ ዘረጋ።

አስካለ ከምትጨምቀው አንሶላ ቀና አለች። ሃያ ዓመት ሙሉ እዚህ ያጠበችው የሆስፒታል አንሶላ ብቻ ነው። ድንጋዩ ላይ የተሰጣውም በሙሉ ነጭ ጥጥ ነው።

«ስድስት ወር ውሃችን ውስጥ ስትንቦጫረቅ ከርመህ ያገኘኸው ይሄንን ነው? እስቲ አምጣው።»

ሳህኑን ተቀብላ አየችው። ከዚያ በእርጥብ እጇ የለበሰውን የናይለን ሹራብ እጅጌ ያዘችና አንድ ቀይ ክር መዝዛ ሳህኑ ላይ ጣለችለት።