«ጠብቅ» የሚለው መስመር

ሩሐማ ሰነፍ ሰው አትወድም። ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ካለ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የሶፍትዌር ፍተሻ ክፍል ኃላፊ ሆና ስድስት ዓመት ስትሠራ ሰነፍ ያልሆነ ሰው አልገጠማትም። ከራሷ በቀር።

ነገ ጧት ለአንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል የተሠራ የምዝገባ ፕሮግራም ርክክብ አለ። እሷ ሳትፈርም አይወጣም። ከፈረመች በኋላ የአንዱን በሽተኛ ካርድ በሌላው ስም ቢያወጣ ግን የሚጠራው የእሷ ስም ነው። እንዲህ ሆኖ ስሙ የተጠራ ፈታሽ ዳግመኛ የሚያምነው አያገኝም።

ፍተሻውን የሚሠራው ሰው ሳይሆን ስክሪፕት የሚሉት የትእዛዝ ዝርዝር ነው። ደሞዝ የሚባለው የክፍሉ ልጅ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ጽፎታል። ስክሪፕቱ ማውሱን ራሱ ያንቀሳቅሳል፣ ቅጹን ይከፍታል፣ የበሽተኛውን ስም ይሞላል፣ «መዝግብ» የሚለውን ይጫናል፤ ከዚያ ስክሪኑን አይቶ ልክ መሆን አለመሆኑን ይጽፋል። ሁለት መቶ በሽተኛ በአርባ ደቂቃ።

ዛሬ ግን አምስት ሰዓት ላይ የተጀመረው ፍተሻ ሰባት ሰዓትም ሆኖ አላለቀም።

«ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያዘግመው?» አለች።

«ኮምፒዩተሩ ከብዶት ነው» አለ ደሞዝ፣ ፊቱን ሳያዞር።

«የከበድኸውስ አንተ ነህ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን መልስ አያጣም ነበር። ዛሬ ወንበሩን ወደ ስክሪኑ አስጠጋ። በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም ብሎ ነው፣ አለች በልቧ። ጥፋተኛ ዝም ሲል ታውቀዋለች።

ስልኳን የወሰደባት ረፋዱ ላይ ነው። የቢሮው ኢንተርኔት ይቆራረጣል፣ በስልክሽ ልጠቀም ብሎ። ሁለት ጊዜ ጠየቀችው፤ ሁለቴም «አሁን፣ አሁን» አላት። ኮምፒዩተሯ ላይ የነበረውን ቴሌግራምም ዘግቶባታል። መልእክት ብቅ ባለ ቁጥር አዝራሩን ይሸፍነውና ስክሪፕቱ ይሳሳታል አለ። ይህስ እውነት ነው። ከደሞዝ አፍ እውነት የሚወጣው እንዲህ አልፎ አልፎ ነው።

ሦስተኛዋ ሠራተኛ ምሥጋና ሳትታዘዝ ምሳ ይዛ መጣች።

«ብይ እንጂ፣ ሩሒ። በሞቴ፣ አንዲት ጉርሻ።»

«ምነው ዛሬ ጉርሻ በዛ? የማን ሠርግ ነው?»

ምሥጋና ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። ዐይኗ ቀልቷል። የጎረምሳ ጣጣ ይሆናል፣ ብላ ናቀቻት ሩሐማ። በሥራ ሰዓት የሚያለቅስ ሰው በሥራ ሰዓት ከሚተኛ አይሻልም።

ቢሆንም በላች። ከቤት የወጣችው ቁርስ ሳትቀምስ ነው። ባሏ ብሥራት ከከተማው ዳር፣ ሰባታሚት ሰፈር፣ የሚያሠራውን ቤት መጥታ እንድታይለት ሲለምናት፣ «ስትጨርስ ጥራኝ። ልጃችን ስትዳር ማለት ነው» ብላው በሩን ዘግታበት ወጣች። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቤት መጨረስ ያቃተው ሰው።

ስምንት ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጁ አቶ ኪዳነ ወልድ መጡ። እሳቸው ከአራተኛ ፎቅ የሚወርዱት ወይ እንግዳ ሲመጣ ወይ ሲቆጡ ነው። ዛሬ በሩ ላይ እጃቸውን አጣምረው ቆሙ።

«እንዴት ዋልሽ፣ እህቴ?»

«እኔስ ደኅና ነኝ። የታመመው ፍተሻው ነው።»

«ይደርሳል፤ አትቸኩይ። ልጅሽን ከትምህርት ቤት ማነው የሚያመጣት?»

«አባቷ ነዋ።»

አቶ ኪዳነ ወልድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ግድ የለም፣ ሹፌሩን ልኬዋለሁ» አሉና ደሞዝን አየት አድርገው ወጡ።

ይኼኔ ሩሐማ ገባት። ተማክረዋል። ፕሮግራሙ የሚያሳፍር ስሕተት አለበት፤ እሷን እስክትደክም አቆይተው፣ ልጇን እንኳ አስመጥተው፣ ሊያስፈርሟት ነው።

ደሞዝ ስልኩ ሲጠራ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። «ጀልባው ደረሰ?» ሲል ሰማችው። ነገ ርክክብ ሆኖ ይኼ ሽርሽር ያስባል! ወዲያው ስክሪፕቱን ከፍታ አነበበችው።

በየበሽተኛው መካከል የማታውቀው መስመር ገብቷል፦ ስልሳ ሰከንድ ጠብቅ የሚል። የተጨመረው ዛሬ፣ ከአምስት ሰዓት በፊት ነው። ፕሮግራሙ አንድ ሰው ለመመዝገብ ሁለት ሰከንድ አይፈጅበትም። ለጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የምታስተምረው ይህንኑ ነበር፦ ስክሪፕት ውስጥ ጥበቃ የሚያበዛ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው።

ደሞዝ ተመልሶ ገባ።

«ይህን ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«ለምን?»

«እንዲቆይ ብየ።»

«አነበብሁት እኮ! ስሕተት ለመደበቅም እውቀት ያስፈልጋል፤ አንተ እሱንም አልታደልኸው።»

«ሩሐማ፣ በእናትሽ፣ ቁጭ በይ።»

«አልቀመጥም! አልፈርምምም! ለአቶ ኪዳነ ወልድም ቢሆን ፊት ለፊት ነው የምነግራቸው። ነገ ሁላችሁም ሥራ ትፈልጋላችሁ።»

ምሥጋና ክንዷን ያዘቻት። ሩሐማ መነጨቀቻትና ላፕቶፑን እንደ ተከፈተ ታቅፋ ደረጃውን ወጣች። የማውሱ ቀስት ስክሪኑ ላይ ብቻውን እየሄደ ስም ይሞላል። ሁለቱ ከኋላዋ ይሮጣሉ። «ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ ጠብቂ!» ይላል ደሞዝ፤ ድምፁ የሰው አይመስልም። ለሥራው ሲሆን እንዲህ ሮጦ አያውቅም፣ አለች በልቧ።

የሥራ አስኪያጁን በር ሳታንኳኳ በትከሻዋ ገፋችው።

የባሏ አባት መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት፣ ከደቅ ደሴት ገና መድረሳቸው ነው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከንስሐ አባቷ ጋር ቆመዋል።