ትንሿ በር

አቶ በኃይሉ ናይሮቢ፣ ዌስትላንድስ ሰፈር ውስጥ ምግብ ቤት ከመክፈታቸው በፊት የታሪክ አስተማሪ ነበሩ። አንድ ልጃቸው ሳምራዊት አውሮፓ ባለ ጥንታዊ ዩኒቨርሲቲ የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝታ ከናይሮቢ በበረረች ማግስት፣ የምሳ ግርግሩ ጋብ ሲል ጥግ ያዙና ዩኒቨርሲቲው ለ600ኛ ዓመቱ ያሳተመውን የታሪክ መጽሐፍ በኩራት ገለጡ።

«በ1506 ከሩቅ አገር የመጣች ተማሪ በትንሿ በር ገባች፤ ከዚያ ወዲህ ያያት የለም» ይላል። ወረርሽኙን፣ ቃጠሎውን፣ ጦርነቱን አልፈው 1606 ላይ ሲደርሱ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል አገኙት። የማተሚያ ቤት ስህተት መሰላቸው። 1706 ላይም አለ። 1806 ላይም፣ 1906 ላይም። ዘመኑ 2006 ነው።

ስልካቸውን አንስተው ደወሉላት።

«ዳዲ! አሁን መድረሴ ነው። ዋናው በር ተዘግቶ ነበር፤ ግን ሃኩና ሺዳ፣ ችግር የለም፣ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ በትንሿ በር እያስገባኝ ነው። ሳልነግረው ስሜን ያውቀዋል እኮ!»

«ሳምሪ፣ እንዳትገቢ! እዚያው ባለሽበት ቁሚ!»

«ምን ሆነሃል ዳዲ? ገባሁ እኮ።»

ስልኩ ተቋረጠ። ደጋግመው ቢሞክሩም አልጠራ አላቸው። ወደ ዩኒቨርሲቲው ቢሮ ደወሉ። ጸሐፊዋ በትሕትና አዳመጠቻቸው።

«ተሳስተው እንዳይሆን፣ ጌታዬ» አለቻቸው። «ትንሿ በር በግንብ ከተደፈነች መቶ ዓመት ሊሞላት ነው።»