የአባቷ ግምት

ሰርካለም ከምታስተምርበት ከገንዳ ውሃ መጥታ፣ ከአባቷ ጋር የማሽላቸው ማሳ ዳር ተቀምጣ ነበር። ሳይንቲስቶች በጠፈር ያሉትን ፕላኔቶች ብዛት እንደገመቱ ነገረቻቸው።

"ማን ቆጠረው?" አሉ።

"የቆጠረ የለም፣ አባዬ። ጥቂት ኮከቦችን መርምረው፣ የቀረውን በዚያ ያሰሉታል።"

ሽማግሌው አንድ ዛላ ቀንጥሰው በመዳፋቸው አሹ። ልጅ ሳለች እንዲህ አሽተው፣ ፍሬውን ቆጥረው፣ የማሳውን ምርት ገና ሳይታጨድ ይናገሩ ነበር። እናቷም፣ "ወፍ የሚበላውንስ ቆጠርኸው?" እያለች ትስቅባቸው ነበር።

"እናትሽ ይህን ሳትሰማ ሄደች" አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። "የተማረም እንደኔ እንደሚገምት ብታውቅ፣ አንዴ እንኳ ታምነኝ ነበር።"

ሰርካለም እጃቸውን ያዘች።

"ድሮም ታምንዎት ነበር፣ አባዬ። በየዓመቱ ጎተራውን የምታሰናዳው እርስዎ በነገሯት ቁጥር ልክ ነበር።"