የቀንድ ማስነሻ

እመት አቻምየለሽ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሲመላለሱ ይህ ስምንተኛው ነው።

ከባላቸው ወንድም ከቢሆነኝ ጋር የተካሰሱበት መሬት ውሳኔ አግኝቷል። ውሳኔው ከበላይ በፍላሽ መጥቶ ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቷል። ከጸሐፊዋ ከትሕትና በቀር ያየው የለም። ታትሞ ማኅተም ካላረፈበት ደግሞ ውሳኔ አይባልም።

«ኮምፒውተሩ አይነሳም እማማ» አለች ትሕትና፣ ቀና ሳትል።

«ዛሬ ደግሞ ምን ሆነ?»

«ያው ነው። ማስነሻውን አይጥ በላው።»

በእርግጥም የሣጥኑ ግንባር ላይ ሁለት ቀዳዳዎች አፋቸውን ከፍተዋል። ትልቁ የማስነሻው ነው፤ ትንሹ የዳግም ማስነሻው።

«ፕላስቲክ የምትበላ አይጥ ያንቺን ተረከዝ እንዴት አለፈችው?»

«ከቡሬ ባለሙያ ይመጣል ተብሏል።»

«እሱ እስኪመጣ እኔ አፈር ለብሻለሁ። በስንጥር ወጋ አርጊያት።»

«ኤሌክትሪክ ቢይዘኝስ?» አለች ትሕትና። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እማማ፣ ይልቅ በቆሎዎን ይሰብስቡ። ወረቀት እንደሁ አይነቅዝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?»

«አፍስሼ የምለቅመውስ መቼ ተረፈኝ?»

እውነታቸውን ነው። በቆሎው ገና እሸት ነው፣ የቢሆነኝ ከብቶች ግን በየቀኑ ይገቡበታል። እመት አቻምየለሽ ዱላ ይዘው ከወዲያ ሲያባርሩ ከወዲህ ይገባሉ። ለሚሊሻው ቢነግሩት «መሬቱ የእርስዎ ለመሆኑ ወረቀት ያምጡ» አላቸው። አርባ ዓመት የኖሩበትን መሬት። ከዚያች ማሳ ሌላ የሚበሉት የላቸውም።

ቢሆነኝም በሩ ላይ ቆሞ ይጮኻል። «ወረቀቴን አውጭልኝ፣ አንች ልጅ።»

«አይነሳም ጋሼ» አለችው ትሕትና፤ ለእሱም ያንኑ።

እመት አቻምየለሽ ግን አልተሞኙም። ተማክረው ነው አሉ በልባቸው። እሱ የጮኸ ይመስላል፣ እሷ የከለከለችው ትመስላለች፣ በመሃል በቆሎው ያልቃል። ልጅቱ ዳቦ ገዝታ ብትሰጣቸው እንኳ አልተቀበሏትም።

ከመውጣታቸው በፊት አንድ የስንዴ አገዳ ከመቀነታቸው መዘው ትልቁ ቀዳዳ ውስጥ ሰደዱ። ጫፉ ውስጥ ያለችውን ትንሽ እብጠት ሲነካ አገዳውን ከቀዳዳው አፍ ላይ በጥፍራቸው ቆረጡት። ትንሹንም እንዲሁ።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለች ትሕትና።

«የአይጧን ጉድጓድ ስለካ።»

ባላቸው የቀንድ ዋንጫ ጠራቢ ነበሩ። ከባላቸው ይልቅ ቀንድ የሚያውቁት ግን እሳቸው ናቸው፤ ይህን የሚሉትም ራሳቸው ናቸው። የሞተው በሬያቸው ቀንድ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። አወረዱት። የቀንድ ጫፉ ድፍን ነው፣ ለዋንጫ አይሆንም፣ ለዚህ ግን ከእሱ የተሻለ የለም። በመጋዝ ቆረጡ፣ በፈላ ውኃ አለዘቡ፣ በሞረድ ሞረዱ። ትልቁን እንደ ሳንቲም አድርገው፣ ትንሹን እንደ ሽምብራ፤ ለሁለቱም በአገዳው ልክ እግር አወጡላቸው። በአመድና በቅቤ ሲያሿቸው እንደ በሬ ዓይን አበሩ።

«ይኼንን የሚበላ አይጥ ጥርሱን ያውልቅ» አሉ።

ሐሙስ ዕለት ሊቀመንበሩ ጌታሁን ባለበት ይዘው ቀረቡ። ትሕትና ቁልፎቹን ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ።

ትልቁን ሰክተው ተጫኑት። መብራቱ ብልጭ አለ፣ ሣጥኑ እፍ እፍ አለና ወዲያው ጠፋ።

«ይኸው፣ አልሆነም» አለች ትሕትና ትንፋሿን እየለቀቀች። «ይተዉት እማማ፣ አይልፉ።»

«እግሩ ረዝሞ ነው። ተጭኖ ቀረ፣ አልተመለሰም።»

ደጃፍ ላይ ተቀምጠው እግሩን በድንጋይ ፈተጉት። ተመልሰው ገብተው የሚጠርጉበት ጨርቅ ፍለጋ የትሕትናን መሳቢያ ሳቡ። ከጨርቁ ሥር ሁለት የፕላስቲክ ቁልፎች አሉ። የጥርስ ምልክት የለባቸውም፤ እግር እግራቸው በመቀስ ተቆርጧል።

«ጌታሁን» አሉ መዳፋቸውን ዘርግተው፣ «የዘንድሮ አይጥ መቀስ ይዛ ነው የምትዞር።»

ሊቀመንበሩ ቁልፎቹን አየ፣ ልጅቱን አየ። «ምንድን ነው ይኼ?»

ትሕትና አልፋው ሄደች። የእመት አቻምየለሽን እጅ ያዘች። «እማማ፣ እስከ ኅዳር ብቻ። በማርያም።»

«ማርያምን ለቀቅ አርጊያት፤ መሬቱ ላይ ድርሻ የላትም» አሉና እጃቸውን ነጥቀው ቁልፉን መልሰው ሰኩት። ተጫኑት። ቀጭ አለ፣ ተመለሰ። ሣጥኑ ማጉረምረም ጀመረ፣ የኮምፒውተሩ መስኮትም ሰማያዊ ሆነ።

ቢሆነኝ ከውጭ አንገቱን አሰገገ። «ተነሳ እንዴ?»

«አስነሳሁት» አሉ እመት አቻምየለሽ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ።

«አትሚ» አላት ጌታሁን ትሕትናን። አተመች። ጌታሁን ማኅተሙን አሳረፈበት።

እመት አቻምየለሽ ፊደል አይለዩም፣ ወረቀቱን ግን ተቀብለው ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩትና መለሱለት።

«ጮክ ብለህ አንብበው፤ ያ በር ላይ ያለውም ይስማ።»

«ይህ ወረቀት ታትሞ ከወጣበት ቀን ጀምሮ፣ ያልተሰበሰበው ሰብል ለአቶ ቢሆነኝ ሆኖ፣» አለ ጌታሁን፣ ድምፁ እየሰለለ፣ «ወይዘሮ አቻምየለሽ ከይዞታው ይነሱ።»