ኪኒኑ እስኪደርስ

«እማዬ፣ መቀሱን አስቀምጪው» ትለኛለች ልጄ፣ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል።

አላስቀምጠውም። ጠረጴዛው ላይ የአዋላጇ ጨርቅ ተዘርግቷል። መቀሱ ጫፉ ላይ ደርሶ እዚያው ቀርቷል፤ ቀኝ እጄ የፈላ ድስት ክዳን ሆኗል።

አዋላጇ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። ጡረታ ልትወጣ ነው፤ ለሽኝቷ የምትለብሰውን ቀሚስ ልቆርጥላት ነው። ጨርቁን እህቷ ከሩቅ ነው የላከችላት። ቢበላሽ መተኪያ የለውም።

«ከሰዓት ነይ አላልኩሽም?» እላታለሁ።

«ደርሼ ልመለስ ብዬ ነዋ! ድሮ አንቺ ዘንድ በቀጠሮ ይመጣ ነበር እንዴ?»

«ድሮ እጄ ቀጠሮ አይጠይቅም ነበር።»

አትስቅም። ፊቴ ነው ጉዱ። በሽታው ፊትንም ያደርቃል ብሎኛል ሐኪሙ፤ ቀልዴን ሁሉ ሰው እንደ ቁጣ ይቀበለዋል። ስሙንም ነግሮኛል፣ ፓርኪንሰን። የሰው ስም ነው አለኝ። እኔ ስሙን በቅጡ መጥራት የማልችለው ሰውዬ፣ በር ሳያንኳኳ ገብቶ እጄ ላይ ተቀመጠ። ያን ቀን አላለቀስኩም። ዛሬም አላለቅስም። ጥርስ ሊነቀል ሲል መርፌ የተወጋ ድድ ሆኛለሁ፤ እንደሚነኩኝ አውቃለሁ፣ አያመኝም።

ኪኒኑን የዋጥኩት አሁን አዋላጇ ስትገባ ነው። እስኪደርስ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ሲያሰኘውም አንድ ሰዓት።

አዋላጇ ብልቃጡን ከመስኮቱ ደፍ አንስታ የተለጠፈበትን ወረቀት ታነባለች። እኔ ማንበብ አልችልም። አላፍርበትም፤ ፊደል ሳልቆጥር ስንቱን ፊደል የቆጠረ አልብሻለሁ።

«ይኼ ባለፈው ሳምንት ማለቅ ነበረበት» ትላለች። «ምነው እስከ ግማሽ ሞላ?»

ልጄ የስፌት መኪናዋን ታቆማለች።

«ቆጥቤው ነው።»

«ምን አደረግሽው?»

«ሥራ ሲኖረኝ ነው የምወስደው። እሁድ እጄን አጣጥፌ ለምቀመጠው ምን ያደርግልኛል? ሥራ በሌለበት ቀን የቀን ሠራተኛ ይጠራል?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ጤናም የለሽ!» አዋላጇ ብልቃጡን አስቀምጣ ጭኗን ትመታለች። «መድኃኒት በየቀኑ ነው፣ በሰዓቱ ነው፣ ሥራ ኖረም አልኖረም! እንዲህ እያቋረጥሽው እንዴት ይያዝልሽ?»

«ሐኪሙ ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ ብሏት ነበር» ትላለች ልጄ። «እሺ እሺ ብላ ነው የወጣችው።»

«እሺ ማለት ምን ይከብዳል» እላለሁ።

ልጄ ተነስታ አጠገቤ ትቆማለች። «በቃ እኔ ልቁረጠው። መጀመሪያ ልኩን በወረቀት አውጥቼ፣ ጨርቁ ላይ በሳሙና አስምሬ...»

ሰፈሩ «ያለ ሜትር» ነው የሚለኝ። ሰው ደጄ ላይ ቆሞ ደህና አደርሽ ብሎኝ እስኪጨርስ ልኩን ወስጃለሁ። በሳሙና አስምሬ አላውቅም።

«ይኼን ካበላሸሁ መቀሱ ያንቺ ነው» እላታለሁ። «ካላበላሸሁ ግን ዳግመኛ ልቁረጥ እንዳትዪኝ።»

«በኔ ጨርቅ ነው የምትወራረዱት?» ትላለች አዋላጇ። ጨርቋን ግን አትሰበስብም። ምጥ እንደምትጠብቅ ሰው እጅጌዋን ሰብስባ ሰዓቷን ታያለች።

እንጠብቃለን። መንገድ ላይ መኪና ያልፋል። ካውያው ጥግ ላይ ይቀዘቅዛል።

«መጣ?» ትለኛለች።

«አልመጣም።»

ትንሽ ቆይታ፣ «መጣ?»

«ኧረ አታስጨንቂኝ፣ መንታ የምወልድ አስመሰልሽኝ!»

አሁን ትስቃለች። ልጄም ትስቃለች። የኔ ፊት እንዳለ ነው።

መጀመሪያ ትከሻዬ ላላ ይላል፣ ቀጥሎ ክርኔ። ከዚያ ጣቶቼ አንድ በአንድ ዝም ይላሉ። ደስ ይለኛል ብዬ እጠብቃለሁ። አይለኝም። እጅ ነው፤ መንቀጥቀጡ ቆሟል።

መቀሱን አስገባለሁ። ጎኑን አወርዳለሁ፣ ወገቡ ጋ ስደርስ በትንሹ አስገብቼ መልሼ አወጣዋለሁ፣ የአዋላጇን ዳሌ ትናንት እንደለካሁት ሁሉ። ልጄ አጎንብሳ ጠርዙን ታያለች። የቀረው የአንገቱ ቦታ ነው፤ እሱ ደግሞ ከጠረጴዛው ማዶ ነው። መዞር አለብኝ።

እግሬ አይነሳም።

ሂድ እለዋለሁ። ከወገቤ በላይ ይሄዳል፣ እግሬ ይቀራል። የጠረጴዛውን ጫፍ ቀጨም አድርጌ እይዛለሁ። ኪኒኑ እጄ ድረስ መጥቷል፤ እግሬን ግን ማንም አልነገረው።

አዋላጇ ብድግ ትላለች።

«እንዳትነኪኝ!» እላታለሁ።

ባለችበት ትቆማለች። ጫማዬን አየዋለሁ። የሌላ ሰው ጫማ ነው የሚመስለው። መቀሱን አዙሬ እጀታውን ወደ ልጄ እዘረጋለሁ።

«እንኪ።»

እጀታውን ታየዋለች። ከዚያ የቆረጥኩትን ጎን በጣቷ እስከ ታች ድረስ ትከተለዋለች።

«አላበላሸሽውም እኮ» ትለኛለች።

መቀሱን አትቀበለኝም። ዞራ ወደ ጠረጴዛው ማዶ ትሄድና የጨርቁን ሁለት ጫፎች በመዳፏ ተጭና ትይዛለች። አዋላጇም ሳትጠየቅ በወዲህ በኩል ትይዛለች። እንዳይንሸራተት፣ እንዳይታጠፍ፣ ቀስ ብለው ያዞሩታል። ጨርቁ በሆዴ ፊት ያልፋል፤ መጀመሪያ የተቆረጠው ጎን፣ ከዚያ ትከሻው፣ ከዚያ የአንገቱ ቦታ። እዚያ ላይ ያቆሙታል።

«ይበቃል?» ትላለች ልጄ፣ እጇን ሳታነሳ።

«ወደኔ ትንሽ» እላታለሁ።