እየሩስን ሊወስዱ የመጡ ሰዎች

ማንያዘዋል ዋና አይችልም። ይህን ደባርቅም ዳባትም ያውቃል።

ቢሆንም ከደባርቅ ወጣ ብሎ፣ በዳባት መንገድ ካለው የመስኖ ግድብ ዳር ቆሞ ዋና ያሠለጥናል። እየሩስ ወገቧን በገመድ ታስራ ውሃውን ትቀዝፋለች፤ እሱ ከዳር ሆኖ የገመዱን ጫፍ ይይዛል። ድሮ ገመዱን የሚይዘው የማንያዘዋል ልጅ ታገኘ ነበር። ታገኘ ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ከወረደ ወዲህ ግን አሠልጣኙ ራሱ ገመድ ያዥ ሆኗል።

«እንዳትጠፋህ ነው የምታስራት?» ይሉታል ከብት ሊያጠጡ የሚመጡ ገበሬዎች።

«እንዳትሰጥም ነው።»

«እሷማ ትዋኛለች። የሰጠምከው አንተ ነህ።»

እውነታቸውን ነው። ሯጮች ነበሩት። ገሚሶቹ ባሕር ዳር ሄዱ፣ ገሚሶቹ ሩጫውን ተዉት። የቀረችው እየሩስ ብቻ ናት። እሷም የመረጠችው ማንም የማያውቀውን ነገር ነው፤ ረጅሙን ትራያትሎን። መዋኘት፣ ብስክሌት መንዳት፣ ከዚያ ማራቶን መሮጥ፤ ሁሉንም በአንድ ቀን፣ ሳያርፉ።

ኅዳር ላይ ጎርጎራ፣ ጣና ዳር ማጣሪያ አለ። ያለፈ ከነአሠልጣኙ ውጭ አገር ይሄዳል። ከዚያ በፊት እየሩስ ትታው ከሄደች ማንያዘዋል አሠልጣኝ መባሉ ያበቃል።

የምትሄድበትም አይጠፋም። ጎንደር ያለው አሠልጣኝ አለነ የሆቴል ገንዳ አለው፤ የውድድር ብስክሌት አለው፤ ዋናም ይችላል። የእየሩስ ስልክ ከተበላሸ ወዲህ ደግሞ ሳያፍር በማንያዘዋል ስልክ እየደወለ «አገናኘኝ እስቲ» ይላል።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጠራ። ማንያዘዋል እርጥቡን ገመድ እየጠቀለለ ስለነበር ከውሃው የወጣችው እየሩስ አነሳችው። ሰማች። ወደ ባሕር ዛፎቹ ራቅ አለች። ጀርባዋን ሰጥታ ትንሽ ተናገረች፤ ብዙ አዳመጠች።

«ማነው?» አላት ስትመለስ።

«የተሳሳተ ቁጥር ነው፣ ጋሼ።»

ትንቀጠቀጣለች። የጥቅምት ብርድ ነው፤ ውሃውም በረዶ ነው።

«ስልኩ እኔ ጋ ይደር? ነገ በብስክሌት ስወርድ ርቀት እለካበታለሁ።»

ሰጣት። አለነ መሆኑን አውቋል፤ ማወቁን ግን ሊነግራት አልፈለገም።

ሐሙስ ጠዋት ሊማሊሞን እስከ ግማሹ ወርዳ እንድትመለስ አዘዛት። ሽቅቡ ነው ሰው የሚያደርገው ይላል ሁልጊዜ፤ እሷም አንድ ቀን እንኳ ከሽቅቡ አምልጣ አታውቅም። እኩለ ቀን አለፈ። አልመጣችም። የሚኒባስ ሹፌሩ ሰብስቤ ከታች መጥቶ ተሳፋሪ ሲያወርድ አገኘው።

«ልጅቱን ከቁልቁለቱ ሥር፣ ዛሪማ አየኋት» አለው። «ነጭ መኪና አጠገብ ከሰዎች ጋር ቆማ ታወራለች። እኔንማ ሰላምም አላለችኝ።»

«ምን ዓይነት ሰዎች?»

«አላወቅኋቸውም። የዚህ አገር ሰዎች አይመስሉም።»

አመሻሹ ላይ በአይሱዙ ተጭና መጣች፤ ብስክሌቷም አብሯት። ሽቅቡን አልነዳችም። ማንያዘዋል ከመንገድ ማዶ ሆኖ አያት፣ አልጠራትም። ወደ ቤቱ ሲያዘግም የሸጊቱ ሱቅ በር ላይ የተቀመጡት ሰዎች ጨዋታቸውን አቋረጡ። ሸጊቱ ሌላ ጊዜ «ዓሣ አስጋሪው መጣ» እያለች የምትሥቅበት ሴት ናት። ዛሬ «ግባ፣ አረፍ በል ወንድሜ» አለችው። ድምፅዋ ለስላሳ ነበር።

ወንድሜ። ያኔ ገባው። ከተማው ሁሉ አውቋል፤ ያልተነገረው እሱ ብቻ ነው።

ጀንበር ስትጠልቅ እየሩስ እናቷ የሠራችውን ዶሮ ይዛ መጣች። በአዘቦት ቀን ዶሮ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ በዚያ ቤት ዶሮ ወጥ አልሸተተም። አጠገቡ ተቀምጣ አጎረሰችው።

«በቃኝ።»

«ይብሉ ጋሼ። አንድ ብቻ ይጨምሩ።»

«ምነው እንዲህ የምትቀልቢኝ?»

ሌላ ጉርሻ ጠቀለለች።

«ነገ ብስክሌት ነው ሩጫ?» አላት፣ ሊፈትናት።

«ነገ ይቅር። ጠዋት ግን ከቤት እንዳይወጡ።»

«ሰው ሊመጣ ነው?»

ዓይኗን ከመሶቡ አላነሳችም። «አዎ።»

ሽማግሌ መሆኑ ነው። በዚህ አገር ሊለይህ ያሰበ ራሱ አይነግርህም፤ የማታስቀይመውን ሰው ይልክብሃል። ማንያዘዋል አልተቆጣም። ቁጣ እንኳ የሆነ ነገር ይቀረኛል ለሚል ሰው ነው። የሚናገረውን አዘጋጅቶ ተኛ።

ሳይነጋጋ በሩ ተንኳኳ። ከፈተ። ንስሐ አባቱ አባ ገብረ ኪዳን ከፊት ናቸው። ሰብስቤ አለ፣ ሸጊቱ አለች፣ ጎረቤቱ በሙሉ አለ። እየሩስ ከሁሉ ኋላ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ቆማለች። ለአንዲት ሯጭ ይህ ሁሉ ሰው።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አለ። ገቡ፤ የተቀመጠ የለም።

ሁለት ወንዶች መጥተው በግራና በቀኙ ቆሙ። ማንያዘዋል ፈገግ አለ።

«አልመታትም፣ አትስጉ» አላቸው። ከዚያ ወደ ቄሱ ዞረ። «አባ፣ እርስዎም አይጨነቁ። የመጣችሁበትን አውቄዋለሁ። ትሂድ፤ አልቀየማትም። ዋና የማይችል ሰው እስከ ዛሬ ይዟት መቆየቱም ተአምር ነው። ኅዳር ላይ ስታልፍ በሩቁ እሰማለሁ።»

እየሩስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሁለቱ ወንዶች ክንዱን ያዙት። አባ ገብረ ኪዳን መስቀላቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ማንያዘዋል፣ ልጄ፣ ታገኘን ከቆላ አምጥተነዋል፤ ሌሊቱን ኪዳነምሕረት ቅጥር ነው ያደረው፤ ና፣ እንቅበረው።»