በስስ ውሃ ላይ የተከፈተ ቀዳዳ

ዶክተር አባይነህ በስድስት ኪሎው ቤተ ሙከራ የተማሪያቸውን የሕብረትን የሦስት ዓመት ሥራ በአንድ ቃል ጣሉት። "ውሃ በማያስጠጋ ገጽ ላይ ስስ የውሃ ሽፋን አንዴ ከተቀደደ አለቀ፤ ተሰብስቦ ጠብታ ይሆናል። ስሌትሽ ተሳስቷል፤ ሌላ ርዕስ ፈልጊ።"

"ደጋግሜ ሠርቼዋለሁ፣ ዶክተር። ሳያዩት አልነሳም" አለች ሕብረት።

ዶክተሩ ተንፍሰው ስሌቷን በምስል ወደሚያሳየው ኮምፒውተር ጎንበስ አሉ። ከሚርመሰመሱት የውሃ ሞለኪውሎች መሃል ትንሽ ቀዳዳ ተከፈተ።

"አላልኩሽም?"

እሷ ዓይኗን አልነቀለችም። ቀዳዳው ግን ከመስፋት ይልቅ ጠበበ፣ ጠበበና ድፍን አለ።

"የሚሰፋው ትልቁ ብቻ ነው" አለች። "ትንሹን ውሃው ራሱ ይደፍነዋል።"

ዶክተሩ ምስሉን ከመጀመሪያው አስጀምረው ደግመው አዩት። "ሰኞ ለመምህራኑና ለተማሪዎቹ አንቺ ታስረጃለሽ" አሉ በመጨረሻ። "እኔ ከተማሪዎቹ ጋር ተቀምጬ እሰማለሁ።"